ወተት አልስማማ ሲል ወደ የትኛው እንዙር?

"ወተት አይስማማኝም" የሚል ሰው በዝቷል። ሁሉም ግን አንድ ነገር እያለ አይደለም። አንዱ ማኪያቶ ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ሆዱ ይነፋል። የሌላዋ ልጅ አንድ ማንኪያ እርጎ ቀምሶ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ያብጣል። ሦስተኛው ቤት ጡት የሚጠባ ሕፃን አለ፤ ዳይፐሩ ላይ ቀጭን የደም ክር ይታያል። ሦስቱም ዘመድ ሲያማክሩ የሚሰጣቸው መልስ ያው ነው፦ "የፍየል ወተት ሞክሩ።"

ለሦስቱም አይሆንም። የፍየል ወተት ላክቶስ (የወተት ስኳር) ከላሙ ብዙም አያንስም፤ የመጀመሪያውን ሰው አያሳርፈውም። ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሁለተኛውን ልጅ ሆስፒታል ሊያስገባው ይችላል። ሦስተኛው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ ወተት መቀየር ላያስፈልገው ይችላል። እናቱ ከምትበላው ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወተት ብታቆም ሊበቃው ይችላል።

ወተት ስንመርጥ የምናየው እንስሳውን፣ ዋጋውንና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ነው። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ማሸጊያ አያነቡም። እነሱ የሚያውቁት የፕሮቲኑን ቅርፅ ነው። ሙሉ ነው? ተቆራርጧል? በሙቀት ተፈቷል? ምርጫውን ከዚህ ከጀመርን ብዙው ነገር ይቀላል።

አይቡና አጓቱ

አንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ከ30 እስከ 35 ግራም ፕሮቲን አለ። ከዚህ 80 በመቶ ገደማው ካዜይን ይባላል። ቀሪው 20 በመቶ የአጓት ፕሮቲን ነው። ልዩነቱን ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ አይብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ያየዋል። አሬራው እሳት ላይ ሞቅ ሲል ነጩ እየተሰበሰበ ይረጋል። እሱ በአብዛኛው ካዜይን ነው። ሲጠለል ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ይወርዳል። ያ አጓት ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ቫይታሚን ቢ2 ነው። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን፣ አልፋ-ላክታልቡሚን፣ ላክቶፈሪንና የላሟ አንቲቦዲዎች (ፀረ እንግዳ አካላት) የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች ጠባያቸው ለየቅል ነው። የአጓት ፕሮቲኖች ጥብቅ ብለው የተጠቀለሉ ናቸው። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እያደገ ሲሄድ ይፈታሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ካዜይን ግን ከመጀመሪያው ልል ነው። የሚፈታ ጥቅል ስለሌለው ማፍላት ብዙም አይለውጠውም። ስለዚህ "ወተቱን በደንብ ካፈላሁት አለርጂው ይጠፋል" የሚለው ተስፋ ለካዜይን አይሠራም። አይብ ካዜይን ነው ካልን ደግሞ፣ "ወተት አይሆንለትም፣ አይብ ግን ስጡት" የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ እንጃ።

ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ሌላም የሚለይበት አለው። የሰው እናት ጡት ውስጥ አይሠራም። ለሕፃኑ ሰውነት ፍጹም እንግዳ ነው ማለት ነው። ነገር ግን እናት የላም ወተት ስትጠጣ እጅግ ጥቂቱ ሳይፈጭ በደሟ አልፎ ጡቷ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዳይፐሩ ላይ የታየው የደም ክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሴሎቹ ምን ያደርጋሉ?

አንጀታችን በየቀኑ ለመከላከያ ሴሎች ምግብ ያስተዋውቃል። ዴንድሪቲክ የሚባሉት ሴሎች ከምንበላው ላይ ናሙና እየወሰዱ ለቲ ሴሎች ያሳያሉ። በአብዛኞቻችን ውስጥ ውሳኔው "ይህ ምግብ ነው፣ ተዉት" የሚል ነው። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይፈጠሩና ነገሩ በሰላም ያልቃል። ወተት ለጤነኛ ሰው "ሰውነት ያቆጣል" እየተባለ በኢንተርኔት የሚወራውን ብዙ ቦታ አልሰጠውም። አለርጂ የሌለባቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ ወተት የብግነት ምልክቶችን ከፍ ሲያደርግ አልታየም።

ውሳኔው ሲበላሽ ሁለት መንገድ አለ። ምርጫችሁን የሚወስነው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የመጀመሪያው ፈጣኑ መንገድ ነው። ቲ ሴሎቹ ኢንተርሉኪን-4 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ቢ ሴሎች አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ማምረት ይጀምራሉ። አይጂኢ ሄዶ ማስት ሴሎች ላይ ይለጠፋል። ማስት ሴሎች ደግሞ በቆዳ፣ በአንጀትና በመተንፈሻ አካል ውስጥ ሞልተዋል፤ ሆዳቸው ሂስታሚን በተባለው፣ ማሳከክና እብጠት በሚያመጣው ኬሚካል የታጨቀ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ወተቱ ሲመጣ አንድ የፕሮቲን ሞለኪውል ሁለት አይጂኢዎችን አንድ ላይ ከያዘ ማስት ሴሉ ያለውን ይረጫል። ሽፍታ፣ እብጠት፣ ማስመለስ፣ ሲከፋም የትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውደቅ ይከተላል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ገደማ ይታያል።

"ሁለት አይጂኢዎችን አንድ ላይ" ያልኩትን ያዙልኝ። ፕሮቲኑን እንደ ገመድ አስቡት። ሁለቱን ጫፍ ሁለት ሰው ሲይዘው ይወጠራል። አጭር አጭር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ግን እያንዳንዱ ሰው ቁራጩን ይዞ ይቆማል እንጂ የሚወጠር ነገር የለም። ለአለርጂ ሕፃናት የሚሠራው የዱቄት ወተት ሐሳብ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዘገምተኛው መንገድ ነው። አይጂኢ የለበትም፤ ዋናዎቹ ተዋናዮች ቲ ሴሎችና ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከሰዓታት እስከ ቀናት ይወስዳል። የደም ክር ያለው ሰገራ፣ የማይለቅ ተቅማጥ፣ የክብደት አለመጨመር ሊታይ ይችላል። ከነዚህ መሃል አንዱ ኤፍፒስ ይባላል፦ ሕፃኑ ወተቱን ከጠጣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ይገረጣል፣ ይዝላል። የሆድ ቫይረስ ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ተጠንቀቁ። ቲ ሴሎች የሚያውቁት ከ10 ጥቂት በለጥ ያሉ አሚኖ አሲዶች ያሉበትን አጭር ቁራጭ ስለሆነ፣ ገመዱን መቁረጥ ለነዚህ ልጆች ሁልጊዜ ላይበቃ ይችላል።

የማኪያቶው ሰውዬስ? እሱ ከሁለቱም የለበትም። የወተቱን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም አንሶት ነው። መከላከያ ሴሎቹ ምንም አላደረጉም።

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ መለየት

ለፈጣኑ መንገድ የቆዳ ምርመራና የደም አይጂኢ ምርመራ አለ። ምርመራው "አለ" ማለቱ ብቻ ግን አለርጂ ማለት አይደለም። አይጂኢ እያለበት ወተት ያለችግር የሚጠጣ ልጅ ሞልቷል። የቤቱ ታሪክና ምርመራው ሲገጣጠሙ ነው ነገሩ የሚታመነው። ጥርጣሬ ካለ ሐኪም ፊት ጥቂት በጥቂት እየሰጡ መፈተን የመጨረሻው ዳኛ ነው። ለዘገምተኛው መንገድ የሚሆን የደም ምርመራ የለም። ወተት ከ2 እስከ 4 ሳምንት አቁሞ ማየት፣ ከዚያ መልሶ መስጠት ነው። ብዙ ቤተሰብ መመለሱን ይዘለዋል። ያለመመለስ ግን መልሱ ግማሽ ነው፤ ልጁ በራሱ ጊዜ ተሽሎት ሊሆን ይችላላ።

አይጂጂ የተባለውን ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ የሚለካ "የምግብ አለመስማማት" ምርመራ በውጭ አገር በኢንተርኔት ጭምር ይሸጣል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። አይጂጂ፣ በተለይ አይጂጂ4፣ ምግቡን በልታችሁ እንደምታውቁና ሰውነታችሁ እንደለመደው ነው የሚናገረው። ሪፖርቱ ላይ በቀይ የተሰመረው ብዙ ጊዜ የምትወዱት ምግብ የሆነው ለዚህ ነው።

ላክቶስ-ፍሪ ወይስ እርጎ?

ይህ ለማኪያቶው ሰውዬ ነው። ላክቶስ-ፍሪ ወተት መደበኛ የላም ወተት ነው፤ ኢንዛይም ተጨምሮበት ስኳሩ ቀድሞ ተፈጭቷል። ትንሽ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው። እርጎ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ስለሚበሉት ለብዙዎች ይቀላል፤ ዋጋውም ይሻላል። እኔ በእርጎ ጀምሩ እላለሁ።

ሁለቱም ውስጥ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው። አለርጂ ላለበት ልጅ "ላክቶስ የለበትም" የሚለው ጽሑፍ ምንም ዋስትና አይሰጥም። በዚህ የተሳሳተ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ጥሬ ወይስ የፈላ?

"ድሮ ጥሬ ወተት እየጠጣን አድገን አለርጂ የሚባል አናውቅም" የሚለው ወግ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። በ2011 በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ገጠር በሚኖሩ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ገብሪኤላ ይባላል። ጥሬ የላም ወተት የሚጠጡት ልጆች ላይ አስም አነስ ብሎ ተገኘ። የፈላ የሚጠጡት ላይ ያ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ወተቶቹን ሲመረምሩ ከጥቅሙ ጋር የተያያዘው የአጓት ፕሮቲን መጠን ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ሙቀት የሚፈታቸው ፕሮቲኖች።

ለምን ሊሆን ይችላል? ቤታ-ላክቶግሎቡሊን መሃሉ ላይ ኪስ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ አለው። በቪየና ያሉ ተመራማሪዎች በሴሎች ላይ ሞክረው እንዳሳዩት፣ ኪሱ ብረት የያዘ ውህድ ሲሞላበት ፕሮቲኑ ቲ ሴሎችን ያረጋጋል። ኪሱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ወደ አለርጂ የሚገፋውን መንገድ ይቀሰቅሳል። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የተሸከመው ነገር ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በተሳተፉበት የአይጥ ጥናት ሌላም ታይቷል፦ ፓስተራይዝ ሲደረግ የአጓት ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይቋጠሩና በአንጀት ግድግዳ ላይ ባሉ የመከላከያ ሴሎች ጎጆዎች በኩል መግባት ይጀምራሉ። አለርጂን ለመቀስቀስ ያ መንገድ ይመቻል።

ታዲያ ጥሬ እንጠጣ? አይሆንም። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን ባክቴሪያና የከብት ቲቢ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በእኛ አገር ሁለቱም ከብቶች ላይ አሉ። የአስም ዕድልን ምናልባት ይቀንሳል ተብሎ ልጅን ለወራት ለሚያተኩስ ብሩሴሎሲስ ማጋለጥ ሒሳቡ አይመታም። አፍሉት። አለርጂው የጀመረው ልጅ ላይ ደግሞ ክርክሩ ጭራሽ ቦታ የለውም፤ ጥሬውም የፈላውም ካዜይን አለበት።

በኬክ ውስጥ የተጋገረ ወተት

ይህኛው አማራጭ ብዙ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነው። ፈጣኑ የወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ወይም ከዚያ በላይ ወተቱ በደንብ ከተጋገረ ያለችግር ይበሉታል። በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል በ2008 በወጣ ጥናት የተፈተነው የተጋገረው ማፊን ነበር። መለኪያው 180 ዲግሪ አካባቢ፣ ለ30 ደቂቃ ነው። የአጓት ፕሮቲኖቹ ይፈታሉ። ከስንዴው ጋርም ይተሳሰራሉ፤ ሙሉ ቅርፃቸውን ይዘው አንጀት ላይ የሚደርሱት ይቀንሳሉ።

ስስ ፓንኬክ ግን ከማፊን እኩል አይደለም። መጥበሻ ላይ ሁለት ደቂቃ የቆየ ነገር አልተጋገረም። ክሬም የተቀባበት ኬክ፣ ውስጡ ቢጋገርም ላዩ ጥሬ ክሬም ነው። ሌላው፣ የልጁ አይጂኢ በዋናነት ካዜይንን የሚያውቅ ከሆነ የተጋገረውም ላይሆንለት ይችላል፤ ካዜይን ለሙቀት አይበገርማ። ከዚህ በፊት በኃይለኛ ሁኔታ የታመመ ልጅ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቤት ውስጥ አይቅመስ። ክሊኒክ ውስጥ ይሞከር።

ፍየል፣ በግ፣ ግመል

ፍየልን ከላይ ነካ አድርገነዋል። ቁጥሩን ልጨምር፦ ለላም ወተት አይጂኢ ካለባቸው ልጆች ከ10ሩ 9 የሚሆኑት ለፍየል ወተትም ይቆጣሉ። በግም ያው ነው። የጎሽም ከላም የራቀ አይደለም።

ግመል ግን ልዩ ነው። የግመል ወተት ቤታ-ላክቶግሎቡሊን የለውም። ካዜይኑም ከላሙ ጋር ያለው መመሳሰል አነስተኛ ስለሆነ አይጂኢው በቀላሉ አያውቀውም። የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ብዙ ልጆች ይችሉታል። በሶማሌ፣ በአፋርና በቦረና አካባቢ ላለ ቤተሰብ ይህ በእጅ ያለ ነገር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በፓስተራይዝ መልክ ሱፐርማርኬት ይሸጣል። ለትልልቅ ልጆች ከእንስሳት ወተቶች ሁሉ መጀመሪያ የማስበው ይህን ነው፤ ያም ቢሆን ቅድሚያ ተመርምሮ። ማፍላት አይቀርም፤ ብሩሴላ ግመልም ላይ አለ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የጡት ወይም የፎርሙላ (ለሕፃናት የሚዘጋጀው የዱቄት ወተት) ምትክ አይሆንም። የትኛውም ያልተዘጋጀ የእንስሳት ወተት አይሆንም።

ኤ2 ወተት

በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሱፐርማርኬት ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱ ከካዜይን ዓይነቶች አንዱ በሆነው በቤታ-ካዜይን 67ኛ ቦታ ላይ ያለች አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። ኤ1 ላይ ሂስቲዲን፣ ኤ2 ላይ ፕሮሊን። ኤ1 ሲፈጭ ቢሲኤም-7 የሚባል ቁራጭ ይወጣል፤ እሱ ነው የብዙ በሽታ ምንጭ ተብሎ የተከሰሰው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 መረጃውን አይቶ ከበሽታ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘም። ሆዴን ቀለል አደረገልኝ የሚል ካለ ይጠጣ። አለርጂ ላለበት ግን አንዷ አሚኖ አሲድ ምንም አታመጣም፤ ሌላው ፕሮቲን በሙሉ እንዳለ ነው። የሻኛ ላሞች፣ የእኛዎቹን ቦረናን የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው ኤ2 መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያስቃል። አገር ቤት ከሰፈር የሚገዛው ወተት ምንም ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ኤ2 የመሆን ዕድሉ ትንሽ አይደለም።

ለሕፃናት፦ ጡት፣ ከዚያ የተቆረጠው፣ ከዚያ የተፈታው

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አታስጥሉ። ምልክት የሚታየው እናት ወተት ስትወስድ ከሆነ ወተት፣ አይብ፣ እርጎና ቅቤ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ታቁም። ንጥር ቅቤ በአብዛኛው ስብ ቢሆንም ጥቂት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል፤ ለሙከራው ጊዜ እሱም ይቅር። የምታጠባ እናት በቀን 1000 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ስለሚያስፈልጋት እንክብል መውሰዷ ደግ ነው። ሕፃኑ ምንም ምልክት ከሌለው ግን እናቱ "ለጥንቃቄ" ብላ ወተት መተው የለባትም። አይከላከልለትም።

ፎርሙላ ግድ ከሆነ ልዩነቱን የሚወስነው ቆረጣው ነው።

በከፊል የተቆረጠ፣ ብዙ ጊዜ ኤችኤ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ለአለርጂ ልጅ አይሆንም። ገመዱ ገና ረጅም ነው። ስሙ አለርጂን የሚያመለክት ስለሆነ ሰው ያታልላል። መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ይህን ነው የምፈራው።

በሰፊው የተቆረጠ ፎርሙላ ውስጥ ቁራጮቹ በአብዛኛው ከ3000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ናቸው። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ሙሉ ሆኖ 18,000 ዳልተን ይደርሳል። አንድ ምርት እዚህ ምድብ የሚገባው ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆኑ አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት ሲችሉት ነው። ለአብዛኛው ሕፃን የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ይመራል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ጣዕሙን ቶሎ ይለምዳል።

የአሚኖ አሲድ ፎርሙላ ውስጥ ቁራጭም የለም፤ ሁሉም ወደ መጨረሻው ተፈትቷል። ለአይጂኢም ለቲ ሴልም የሚታወቅ ነገር አልቀረም። አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) የደረሰበት፣ ክብደቱ የቆመ ወይም የተቆረጠውን ያልቻለ ሕፃን ይህን ይፈልጋል። ዋጋው ከሁሉም ይከብዳል። አገር ቤት በየፋርማሲው የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ከውጭ የሚያስመጣ ቤተሰብ ቆርቆሮው ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ቢያዝ ይሻለዋል።

የአኩሪ አተር ፎርሙላ ርካሽ ነው። ከ6 ወር በፊት ግን የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች አይመክሩትም። ፈጣኑ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከ10 እስከ 14 በመቶ የሚሆኑት ለአኩሪ አተርም ይቆጣሉ፤ በዘገምተኛው ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ከ6 ወር በኋላ፣ ሌላው ኪስ የሚጎዳ ከሆነ፣ በሐኪም ምክር ሁነኛ አማራጭ ነው።

በነገራችን ላይ የተቆረጠ ፎርሙላ የስኳር በሽታን ይከላከላል ተብሎ ብዙ ተጠብቆ ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር መከላከያ ሴሎች ኢንሱሊን በሚያመርተው ቆሽት ላይ የሚነሱበት በሽታ ስለሆነ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ትሪግር የሚባለው ሙከራ በ15 አገሮች 2,159 ሕፃናትን ለዓመታት ተከታተለ። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ልዩነት አልተገኘም። ለስኳር ብላችሁ አትግዙ።

የአጃ፣ የአልሞንድ፣ የሩዝ "ወተት"

ፕሮቲናቸው ከላሙ ጋር ዝምድና የለውም፤ የላም ወተትን የሚያውቁት ሴሎች አያውቋቸውም። ችግሩ ምግብነታቸው ላይ ነው። አልሞንዱ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ጊዜ 1 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው ያለው፤ የላም ወተት 8 ግራም አለው። አኩሪ አተሩ ይቀርበዋል። ለአዋቂ ቡና ላይ የቱም ይሆናል። ለልጅ ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን እዩ፤ ከ1 ዓመት በታች ዋና መጠጥ አይሁን። የሩዙን በእንግሊዝ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጡ ይላሉ፤ አርሴኒክ ስለሚኖርበት ነው።

የጾም ምግብና ፓርቬ

እኛ ዘንድ ወተት የሌለበት ምግብ ማግኘት ሌላው ዓለም እንደሚቸገረው አይደለም። "የጾም" ማለት በቂ ነው። የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ የጾም ማኪያቶ አለ። አለርጂ ላለበት ልጅ ልደት ይህ በረከት ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም "ፓርቬ" የሚለውን ጽሑፍ በዚሁ መልኩ ይጠቀሙበታል፤ ሥጋም ወተትም የለበትም ማለት ነው። ግን ሁለቱም የሃይማኖት ሥርዓት እንጂ የአለርጂ ዋስትና አይደሉም። ኬክ ቤቱ የጾሙንና የፍስኩን በአንድ ማሽን ሊመታ ይችላል። በኃይለኛው ለሚታመም ልጅ ጠይቁ። በአሜሪካና በአውሮፓ የታሸገ ምግብ ላይ ወተት ካለ መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። ካዜይኔት፣ ዌይ፣ ላክታልቡሚን የሚሉትን ስታዩ ሁሉም ወተት ናቸው።

ፈጣኑ አለርጂ ያለበት ልጅ ቤት አድሬናሊን ይኑር። ትንፋሹ ካጠረ ወይም ከዛለ ጭኑ ውጫዊ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። የአለርጂ ኪኒን ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ አናፊላክሲስን አያቆምም። አሜሪካ ላሉት ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ ለምግብ አለርጂ ተፈቅዷል። አይጂኢውን ማስት ሴል ላይ ሳይለጠፍ ይይዘዋል። በስህተት ለቀመሰ ልጅ ጋሻ ነው እንጂ ወተት ጠጡ የሚል ፈቃድ አይደለም።

መቼ ይመለሳል?

አብዛኛው ልጅ ይተወዋል። ጊዜው ግን ይለያያል። በአውሮፓ ከልደት ጀምሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች በምርመራ ከታወቀ ከ1 ዓመት በኋላ 69 በመቶው ወተት መቻሉን አይተዋል። ጆንስ ሆፕኪንስ ወደሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል የተላኩት ከባዶቹ ልጆች ግን ዘግይተዋል፦ በ4 ዓመት 19 በመቶ፣ በ8 ዓመት 42፣ በ16 ዓመት 79። ዘገምተኛው መንገድ ላይ ያሉት ይቀድማሉ።

ስለዚህ በየ6 ወር እስከ 1 ዓመት እንደገና ይታይ። ቀላሉ ዘገምተኛ ዓይነት ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ ቤት ውስጥ በደረጃ ይሞከራል፦ መጀመሪያ ወተት ያለበት ብስኩት ቁራሽ፣ ከዚያ ማፊን፣ ከዚያ ፓንኬክ፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ እርጎ፣ በመጨረሻ ወተቱ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ምልክት ከመጣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ነው። ፈጣኑ ዓይነትና ኤፍፒስ ያለበት ልጅ ግን የመጀመሪያውን ብስኩት የሚቀምሰው ሐኪም ባለበት ነው።